የፓስካል ማስታወሻ

ፈረንሳዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል (1623–1662) እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1654 ስለ ገጠመው መንፈሳዊ ተሞክሮ የጻፈው አጭር ጽሑፍ። የእግዚአብሔርን መገኘት በጽሑፍ መግለጽ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ሲነሣ አብሮ ይጠቀሳል።

ፓስካል ዕለቱን፣ በዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳንና ሰዓቱን (ከምሽቱ 4፡30 ገደማ እስከ ሌሊቱ 6፡30 ገደማ) እንደ ቤተ ሙከራ መዝገብ በጥንቃቄ አስፍሯል። ከዚያ በኋላ ግን አረፍተ ነገሩ ይበታተናል። እሳት ይጠቅሳል፤ የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን አምላክ ከፈላስፎች አምላክ ይለያል፤ ስለ ደስታና እንባ ቁርጥራጭ ሐረጎችን፣ በመሐሉም የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላትን ይደረድራል። ምን እንዳየ አይተርክም። ይህ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ይኸው ሰው በ1656 እና በ1657 ያሳተማቸው «የክፍለ ሀገር ደብዳቤዎች» ከፈረንሳይኛ ስድ ንባብ ቁንጮዎች ይቆጠራሉ።

የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኲናስ በ1273 መጨረሻ ከመሰል ተሞክሮ በኋላ ብዕሩን አስቀምጧል። ፓስካል ጻፈ፤ የጻፈው ግን ለአንባቢ አይመስልም። ወረቀቱንና በብራና የገለበጠውን ቅጂ ልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ይዞ ኖሯል፤ ያገኘውም ፓስካል ከሞተ በኋላ አንድ አገልጋይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለሌላው ከማስረዳት ይልቅ ጸሐፊውን ለማስታወስ የተዘጋጀ አድርጎ ማንበቡ ይበልጥ ያስኬዳል። ብራናው ጠፍቷል፤ ወረቀቱ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።