ሳንባና አለንጋ፦ በደጋ አየር ቱርቦ ወይስ ናይትረስ?

ቆሰበር ላይ የሞተር ጉዳይ አስቀድሞ የአየር ጉዳይ ነው። የዛሬዋ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ ፋብሪካው «100 የፈረስ ጉልበት» ብሎ የሸጠው መኪና እዚህ የሚሰጠው ከ75 እስከ 80 ቢሆን ነው። ሹፌሩ ቁጥሩን ባያሰላውም በማርሽ ያውቀዋል፤ ቆላ ላይ በሦስተኛ የሚወጣውን ዳገት ደጋ ላይ በሁለተኛ ይወጣዋል። ከቆሰበር በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወርድ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያያል። ያው ሞተር፣ ያው ናፍጣ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በዘቀጠ ቁጥር ትንፋሹ ይመለስለታል።

ስለዚህ መኪና ወዳድ ወጣቶች «ቱርቦ ይሻላል ወይስ ናይትረስ?» ብለው ሲከራከሩ ጥያቄው ከፊልም የመጣ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ለአንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው። ሞተር ብዙ ነዳጅ ለማቃጠል ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑ ከየት ይምጣ?

ቱርቦ ከአካባቢው አየር ይወስዳል። በጭስ ማውጫው የሚባክነው ትኩስ ጋዝ ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በበኩሉ ንጹሕ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልክ ሌላ መዘውር ያዞራል። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ኦክስጅኑን በብረት ጠርሙስ ተሸክሞ ይመጣል። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ውስጥ ያለው 23 በመቶ ብቻ ነው። ጋዙ የሞተሩ ሙቀት ሲያገኘው ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ተጨማሪ ነዳጅም ይቃጠላል።

አንዱ ሳንባ ነው፣ ሌላው አለንጋ። ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ልዩነቱን የሚያስረዳው መካኒክ አያስፈልገውም። አለንጋ ፈረስን ለጥቂት ርቀት ያስፈተልካል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደው ግን ሳንባው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 የቱርቦን ሐሳብ በስሙ ሲያስመዘግብ ነው። ሐሳቡ ለደጋ ሰው እንደሚጠቅም የታየው ግን በ1918 በአሜሪካ ነበር። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ፣ ከራስ ዳሸን ጥቂት ያነሰ ነው። ሞተሩ ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ። ሞስ ቱርቦውን ሲያሠራው 356 ሆነ። ተራራው የወሰደውን ቱርቦ መለሰ።

ናይትረስ ከሞተር ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ጋዙን ያገኘው በ1772 ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በሐኪም ቤት ማደንዘዣነቱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሁለቱ መልሶች ሰማይ ላይ ተፋጠጡ። አሜሪካውያን እንደ ቢ-17 ባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቻቸው ላይ ቱርቦ ገጠሙ። ጀርመኖች ሙቀት የሚችል ቱርቦ በብዛት ለመሥራት የሚያስፈልገው ኒኬልና ክሮሚየም አጠራቸው። ስለዚህ «ጂኤም-1» በተባለ ዘዴ ፈሳሽ ናይትረስ በጋን ጭነው፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ወደ ሞተሩ ይረጩት ጀመር።

ዘዴው ሠርቷል። ችግሩ ጋኑ በደቂቃዎች ማለቁ ነበር፤ ሳይጠቀሙበትም ክብደቱን ይሸከሙታል። ባለ ቱርቦው ደግሞ ነዳጅ እስካለው ድረስ ለሰዓታት ከፍታው ላይ ይቆያል። ናይትረስ እንግዲህ ከመነሻው ቱርቦ ያጣ ሰው መፍትሔ ነበር።

መኪና ላይም ታሪኩ ተደገመ፤ ያውም በሚያስገርም መንገድ። በ1962 ኦልድስሞቢል «ጄትፋየር» የተባለች ባለ ቱርቦ የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይግልና እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በየጊዜው በዕቃው መሞላት ነበረበት። ባለቤቶቹ መሙላቱን ረሱት፤ ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናዋ ጉልበቷን ትቀንስ ነበር፣ ቅሬታውም በዛ። ጄትፋየር በ1963 ተቋረጠች፤ ኩባንያውም ኋላ ላይ ቱርቦውን ነቅሎ ካርቡሬተር ይገጥምላቸው ጀመር። ቱርቦውን ያዋረደው የሚሞላው ዕቃ ነበር። በ1978 መርሴዲስ 300 ኤስዲ የተባለችውን ባለ ቱርቦ የናፍጣ የቤት መኪና ሲያወጣ ግን የሚሞላ ነገር አልነበረም፤ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ስለማያንኳኳ ቱርቦን በቀላሉ ተቀበለው። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ኤንኦኤስ የተባለው ኩባንያ ተመሥርቶ ናይትረስን ለውድድር መኪና መሸጥ ያዘ። አንዱ ወደ ሥራ፣ ሌላው ወደ ጨዋታ ሄደ።

የኢትዮጵያ መንገድ ለረጅም ጊዜ የመረጠው ሦስተኛ መልስ ነበር፤ ትልቅ ሞተር። ዳገቱን ተሳቢ ጎትቶ ይወጣ የነበረው ፊያት ኤን ትሬ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ነበረው። በአምቡላንስና በመስክ መኪናነት አገር ያዳረሰው ላንድክሩዘርም ከቱርቦ ይልቅ 4.2 ሊትር የሆነውን 1ኤችዜድ ሞተር ይዞ ነው የኖረው። አየሩ ቢሳሳም ሳንባው ሰፊ ነው።

ለቤት መኪና ግን ይህ መንገድ በግብር ተዘጋ። ኤክሳይስ ታክስ የሚቆረጠው በሲሲ ነው፤ ከ1,300 ሲሲ በታች ያለው ትንሽ፣ ከ1,800 በላይ ያለው ብዙ ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ዕድሜን ጨመረበትና ባረጀ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ሕግ አውጪው የለካው የሲሊንደሩን ስፋት እንጂ የሚገባበትን አየር አይደለም። ውጤቱም ደጋ ላይ የሚያቃስት ትንሽ ሞተር ሆነ። መለኪያው ምን ያህል እንደሚያሳስት በቶዮታ ማየት ይቻላል። ቱርቦ የሌለው 5ኤል እና ባለ ቱርቦው 1ኬዲ ሁለቱም ሦስት ሊትር ገደማ ናቸው። የመጀመሪያው 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው በሃይሉክስ ላይ ከ160 ያልፋል። በሲሲ እኩል ናቸው፤ በአየር ግን አይደሉም።

የ1,300 ሲሲ ቪትዝ ያለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ለናይትረስ ፍርድ ሲሰጥ አንድ እውነት አይካድም። ኦክስጅኑን ይዞት ስለሚመጣ ከፍታ አይበግረውም፤ ቆሰበር ላይ የሚጨምረው ጉልበት ቆላ ላይ ከሚጨምረው አያንስም። ነገር ግን 100 የፈረስ ጉልበት ለመጨመር በየ10 ሰከንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበላል። 4.5 ኪሎ የሚይዘው የተለመደ ጠርሙስ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዓባይ በረሃ እስከ ደጀን ያለው አቀበት በሁለት ደቂቃ አያልቅም፤ ጋዙም ማደያ ገብቶ «ሙላው» የሚሉት አይደለም። ነዳጁ በልኩ ካልተጨመረለት ደግሞ ፒስተን ያቀልጣል።

ቱርቦም ቢሆን በአሮጌ ቤንዚን ሞተር ላይ ተለጥፎ ተአምር አይሠራም። ለመደበኛ አየር የተሠራ ሞተር ሲጠቀጠቅበት ያንኳኳል፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ያቃጥላል፤ ዘይቱ፣ ማቀዝቀዣውና የነዳጅ ኮምፒውተሩ አብረው መለወጥ አለባቸው። ስለዚህ ለደጋ መንገድ ብልህ ምርጫ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የተወለደ ሞተር ነው፤ እሱም ዘይቱ በወቅቱ እየተቀየረ፣ ረጅም ዳገት ወጥቶ ሲቆም ቶሎ ሳይጠፋ ትንሽ እየበረደ። ቪትዝ ላላት ሰው ደግሞ ፊልትሮና ካንዴላ መቀየር፣ ማርሽም በጊዜ መቀነስ ከሁለቱም ይረክሳል።

ይህ ክርክር የቀረው ዕድሜ አጭር ሊሆን ይችላል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ቆሰበርም ሆነ ጅቡቲ ለእሱ አንድ ናቸው። ነገር ግን ክልከላው አገር ውስጥ ያሉትን የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች ከመንገድ አላወጣም። አዲስ ሲጠፋ አሮጌው ውድ ይሆናል፣ ውድ የሆነም ዕድሜው እንዲረዝም ይፈለጋል። ያሉት መኪናዎች ለብዙ ዓመታት እነዚህን ዳገቶች ይወጣሉ። ባለቤቶቻቸው ሊያስቡ የሚገባቸው ስለ ሳንባቸው ነው፤ በአለንጋ ብዛት የደከመ ፈረስ ገበያም አያደርስም።