የጆሮ ማዳመጫ ሲያረጅ የድምፅ ጥራቱ ይቀንሳል?

ማላኪያ በደቡብ ሱዳን መዲና በጁባ ከሚገኙ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ለአማርኛ ጆሮ «መለኪያ» የሚመስለው ስሙ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ወታደር ያልሆኑ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር እንደማለት ነው። እንደ ማላኪያ ባለ ገበያ የጆሮ ማዳመጫ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። አንዱ አዲስና ርካሽ፣ ግን ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነው። ሌላው በታዋቂ ኩባንያ የተሠራ፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ለዓመታት የተጠቀመበት ነው። ገዢው ያገለገለውን ሲያነሳ የሚመጣበት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ይህ ዕቃ ሲያረጅ ድምፁም አብሮት አርጅቶ ይሆን?

መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት ይለያል። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ራሱ እምብዛም አያረጅም። የሚያረጀው በዙሪያው ያለው ነው፤ ስፖንጁ፣ ገመዱ፣ ወንፊቱና ባትሪው።

በአብዛኞቹ የጆሮ ማዳመጫዎች ውስጥ አንድ ማግኔት፣ በጣም ቀጭን ጥቅል ሽቦ እና ከሽቦው ጋር የተጣበቀ ስስ ፕላስቲክ አለ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ሽቦውን ይስበዋል፣ ይገፋዋል፤ ስሱ ፕላስቲክም አብሮ እየተርገበገበ አየሩን ያንቀጠቅጣል። ፕላስቲኩ የሚንቀሳቀሰው እጅግ በትንሹ በመሆኑ ቶሎ አይዝልም። ማግኔቱም በተለመደው የኑሮ ሙቀት ኃይሉን የሚያጣው በማይታወቅ መጠን ነው። በዛሬዎቹ ማዳመጫዎች ውስጥ የሚገኘው የተለመደው የኒዮዲሚየም ማግኔት ለዘለቄታው እንዲዳከም በአብዛኛው ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ሽቦው ከተቃጠለ ወይም ፕላስቲኩ ከተቀደደ ግን ነገሩ እርጅና ሳይሆን ብልሽት ነው፤ ድምፁም ይንቀራቀራል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማንን ለገበያ ያቀረበው እአአ ሐምሌ 1 ቀን 1979 ነበር። አብሮት የተሸጠው ቀላል ማዳመጫ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ስስ ስፖንጅ ነበረው። ዛሬ የዚያን ዘመን ማዳመጫዎች ከሣጥን የሚያወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስፖንጁ በጣታቸው መካከል ወደ ዱቄትነት ሲቀየር ያያሉ። ድምፅ ማውጫው ግን ይሠራል።

ስፖንጁንና እርሱን የሚሸፍነውን ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚያፈርሰው በዋናነት እርጥበት ነው። ሁለቱም አዘውትረው የሚሠሩበት ፖሊዩሬቴን የተባለው ቁስ ከውኃ እንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ይበጣጠሳል፤ ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። ላብና የፀጉር ቅባትም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። እአአ መጋቢት 2024 እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል በተባለ ሙቀት ምክንያት የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ደግሞ እርጥበት አዘል የዝናብ ወቅት ነው። ለዚህ ቁስ ከዚህ የከፋ መፈራረቅ ማግኘት ያዳግታል። ከሁሉ የሚያስገርመው ማዳመጫው ባይነካም እንኳ ስፖንጁ ማርጀቱ ነው፤ በመጋዘን ለዓመታት የቆየ «አዲስ» ዕቃ በተገዛ በወራት ውስጥ ቆዳው ሊላጥ ይችላል።

ይህ ታዲያ ለውበት ብቻ የሚቆረቆሩበት ጉዳይ አይደለም። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ በአግባቡ የሚያሰማው በስፖንጁና በጭንቅላቱ መካከል አየር ሳያስወጣ ሲገጥም ነው። ስፖንጁ ሲሟሽሽ ወይም ሲቀደድ አየር ይሾልካል፤ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። የቀረው ድምፅ ቀጭንና ሸካራ ይሆናል። ማዳመጫውን በሁለት መዳፍ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮ ሲጫኑት ቤዙ ከተመለሰ፣ ያረጀው ስፖንጁ ነው። ብዙ ሞዴሎች ተለዋጭ ስፖንጅ አላቸው፤ ሆኖም ውፍረቱ ወይም ሽፋኑ ከመጀመሪያው የተለየ ከሆነ ድምፁም የተለየ እንደሚሆን ማወቅ ይገባል።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ሌላ ጠላት አላቸው፤ የጆሮ ኩክ። ኩኩና አቧራው ጥቃቅኑን ወንፊት ሲደፍኑት የአንዱ ጎን ድምፅ ከሌላው ያንሳል። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ የጣለው ማዳመጫ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። በመርፌ መጎርጎር ወይም ውኃ ማስነካት አይመከርም። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ግን ወልቆ በሳሙና ሊታጠብ ይችላል።

ገመድ ሲያረጅ ደግሞ የሚከሰተው ነገር ለሚሰማው ሰው እንቆቅልሽ ነው። መሰኪያው ላይ ለግራ፣ ለቀኝ እና ለሁለቱም የጋራ የሆኑ መገናኛዎች አሉ። የጋራው ሽቦ ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ያልፋል፤ በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው ድምፅ ይጣፋል። ብዙውን ጊዜ እኩል የሚቀዳው የዘፋኙ ድምፅ ነው። ሙዚቃው እየተሰማ ድምፃዊው ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ከመሰለ ወይም ጨርሶ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የድምፅ ማውጫው ሳይሆን የአንዲት ሽቦ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚበጠሰው ከመሰኪያው አጠገብ በመሆኑ ጥገናው ቀላል ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ባላቸው ብዙ ስልኮች ገመዱ አንቴናም ጭምር ስለሆነ፣ በጁባ እንደ ሬዲዮ ሚራያ ያሉ ጣቢያዎችን በስልኩ ለሚከታተል ሰው ገመዱ ከሙዚቃም በላይ ነው።

ገመድ አልባዎቹ የሚያረጁት በባትሪ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው ኃይል ከስልክ ባትሪ አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ የሚያጥረው ጊዜው ነው። አብዛኞቹ ባትሪያቸው እንዳይወጣ ሆነው የተጣበቁ በመሆናቸው፣ ድምፅ ማውጫቸው ደህና ሳለ ይጣላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከእአአ የካቲት 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ መቀየር እንዲችል ያስገድዳል።

ከዕቃው እርጅና ይልቅ አሳሳቢው ሰው ለእርሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ስፖንጁ ሲላላ ቤዙ ይቀንሳል፤ የጄኔሬተሩና የቦዳ ቦዳው ጩኸት ደግሞ ይገባል። አድማጩም ሳያስተውለው ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ እንደሚቻል ይገልጻል። ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ሲያድግ ግን የተፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። እንደ ድርጅቱ ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 የሆኑ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ጎጂ በሆነ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሶች ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። በዕድሜም ሆነ በጩኸት ብዛት አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ በመሆኑ፣ «ማዳመጫዬ ደበዘዘ» የሚል ሰው የደበዘዘው የገዛ ጆሮው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ያንኑ ማዳመጫ ለወጣት ሰው አሰምቶ ማነጻጸር ጥሩ መነሻ ነው፤ ልዩነቱ ከጎላ ሐኪም ማየት ይበጃል።

ያገለገለ ማዳመጫ ለሚገዛ ሰው እንግዲህ ፍተሻው ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም። በገዛ ስልኩ፣ ቃላቱን በሚያውቀው ዘፈን ይሞክረዋል፤ ድምፃዊው መሃል ላይ በጥራት ከተሰማ የጋራው ሽቦ ደህና ነው። ዘፈኑ እየተጫወተ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ያወዛውዛል። ግራና ቀኙን አፈራርቆ በአንድ ጆሮው ያዳምጣል። ስፖንጁ ቢላጥ ዋጋ ለመከራከሪያ ይጠቅመዋል እንጂ ዕቃውን አያስጥለውም። ገመድ አልባ ከሆነ ግን ሻጩ ሙሉ ባትሪ አለው ቢልም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያዳምጥ ገንዘቡን አይከፍልም።