ደኑ ቆሞ ወፎቹ የት ገቡ?

የወፍ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው በ1889 ነው ይባላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጀርመን አገር ሉድቪግ ኮክ የተባለ የስምንት ዓመት ልጅ በሽቦ ጎጆ የምትኖር አንዲት የህንድ ወፍ በኤዲሰን መቅረጫ ሰም ላይ አስቀራት። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ቀራጮች ሲሹ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ አንዲት ወፍ፣ ለብቻዋ፣ በጥርት ያለ ድምፅ። መኪና ካለፈ ወይም አውሮፕላን ካጓራ ቀረጻው ተበላሸ ተብሎ ይጣላል። የተጣለው ግን እሱም ታሪክ ነበር።

ይህን ካስተዋሉት አንዱ በርኒ ክራውስ የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነው። በ1988 በካሊፎርኒያ፣ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል፣ ሊንከን ሜዶ በሚባል መስክ ጎሕ ሲቀድ የሚሰማውን ሁሉ ቀረጸ። በዚያ ጊዜ አንድ የእንጨት ኩባንያ «እየመረጥኩ ጥቂት ዛፍ ብቻ ስለምቆርጥ ጉዳት አይደርስም» ብሎ የአካባቢውን ነዋሪ አሳምኖ ነበር። ዛፉ ተቆረጠ። ክራውስ በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ሄደ። ፎቶግራፍ ቢያነሣ መስኩ ያው ነው፤ ደኑም ቆሟል። በቴፑ ላይ ግን የጅረቱ ድምፅና የአንድ ግንደ ቆርቁር ኩኩታ ብቻ ቀርተዋል። በ25 ዓመታት ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ቢመላለስም የቀድሞው ዝማሬ አልተመለሰም።

ዓይን ያልመሰከረውን ጆሮ መሰከረ ማለት ነው። ምን ያደርጋል፣ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቀው ቁጥር ነው!

ቁጥሩን በ2012 ያቀረቡት የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስቱዋርት ጌጅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሴኮንድ ከ1,000 እስከ 2,000 ጊዜ የሚነዝረው ድምፅ ለሰውና ለሞተር ይሰጣል፤ ከ2,000 እስከ 8,000 ያለው ለወፍና ለነፍሳት። ከዱሩ ድርሻ የሰው ድርሻ ይቀነስና ልዩነቱ ለድምራቸው ይካፈላል። ውጤቱ ወደ 1 ሲጠጋ ዱሩ፣ ከዜሮ ወርዶ ወደ -1 ሲጠጋ ሰው አይሏል ይባላል።

የሺህ ሰዓት ቴፕ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ስለማይገኝ ብልሃቱ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን እስቲ መለኪያውን አዲስ አበባ ላይ እንዘርጋው። የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ከ2,000 በላይ ስለሚነዝር በወፍ ሂሳብ ይገባል። በሌሊት ከከተማው ዳር የሚጮኸው ጅብ ደግሞ የጩኸቱ ጉልበት በአብዛኛው ከ1,000 በታች በመሆኑ ከሁለቱም መዝገብ ይወድቃል፤ ርግብና ጉጉትም ከእሱ ጋር። ለመሆኑ ቀጭኑን ሁሉ ለዱር፣ ወፍራሙን ሁሉ ለሰው ያከፋፈለው ማነው?

ወፎቹም ቢሆኑ በተመደበላቸው ቦታ አርፈው አልተቀመጡም። በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ተደርጎ በ2003 የወጣ ጥናት በአንዲት ትንሽ ወፍ ዘር ላይ እንዳሳየው፣ ጫጫታ በበዛበት ሰፈር የሚኖሩት የመኪናው ጉርምርምታ ወፍራሙን ዜማ ስለሚውጥባቸው ድምፃቸውን አቅጥነው ይዘምራሉ። በጸጥታ የሚዘምረውና በጩኸት ተገፍቶ የሚያቀጥነው በቁጥሩ ዘንድ ያው የወፍ ድምፅ ነው፤ እኩል ይደመራሉ።