ሁለት ዓይን ያለው ማን ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሥዕል ነው። ኤቨን የሁዳ፣ እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፦ የአድዋ ጦርነት። አጎቴ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ነው ያመጣው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ በአንድ ወገን አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ፣ በሌላው ወገን ጣሊያኖች። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል በኋላ (በፈረንጅ 1896 መሆኑ ነው) ሠዓሊዎች ደጋግመው ሳሉት። እስቲ ዓይኖቹን ተመልከቱ። የኢትዮጵያውያኑ ሁለቱም ዓይን ይታያል፤ ጣሊያኖቹ ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ነው የሚታዩት። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፦ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ገና ሲያየው ይገባዋል። ወራሪውን ያሸነፈ አገር በራሱ ብሩሽም ፈረደበት። እኔም በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ይህን ለአያቴ ሳስረዳት ፈገግ አለችና «እኛንስ በስንት ዓይን የሳሉን ይመስልሻል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። በስቅለቱ ሥዕል ክርስቶስን የሚያሠቃዩት አይሁድ የሚሳሉት በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። አያቴ ባደገችበት በጎንደር አገር ደግሞ ቤተ እስራኤልን «ፈላሻ»፣ «አይሁድ» ይሏቸው ነበር። ብረት ስለቀጠቀጡ፣ ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ»፣ በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ተባሉ። አድዋን ያከበረው ልማድ እኛን ሲከስ ኖሯል።

እዚህ አገርም ጉዳዩ አልቀረም። በ2015 ሆሎን ውስጥ አንድ ወታደር ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው፤ ያ ምስል በሺህ የሚቆጠር ሰው ለሃፍጋና ቴል አቪቭ፣ ራቢን አደባባይ አወጣ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችው ሠዓሊ ንሪት ታከለም የፖሊስን ድብደባ በሸራ ላይ ስላዋለች። ዛሬ ብሩሹን የያዘው ከእኛው ሰው ነው።

አያቴ «ሥዕሉን አውርዱት» አላለችም። ቡና የምታፈላው አሁንም እሱ ሥር ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሥዕል ካለ ዓይኖቹን ቁጠሩ፤ ከዚያ ትልልቆቹን ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።