ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፦ የቦይንግ ነገር

ወዳጆቼ፣ በተለይ ዛሬ የሰው አለቃ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦይንግ ለረጅም ዘመን የመሐንዲሶች ቤት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 777ን ሲሠሩ የአየር መንገድ ሰዎችን ሳይቀር ገና ከንድፉ ጀምሮ አብረው አስቀምጠው ነበር። ችግር ያየ ሰው እንዲናገር ይፈለግ ነበር።

በ1997 ቦይንግ ማክዶኔል ዳግላስን ገዛ። የሚገርመው፣ የተገዛው ኩባንያ አለቃ ሃሪ ስቶንሳይፈር የገዢው ፕሬዚዳንት ሆነ። ቦይንግ እንደ ምሕንድስና ቤት ሳይሆን እንደ ንግድ እንዲመራ ሆን ብሎ እንደለወጠው በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በ2000 መሐንዲሶቹ 40 ቀን ሥራ አቆሙ። በ2001 ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ከሲያትል ወደ ቺካጎ ሄደ። ወሳኙና አውሮፕላኑን የሚሠራው ሰው ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራቁ ማለት ነው።

ሁሉን በመጤው ላይ መለጠፍ ግን ልክ አይደለም። ያኔ የበላይ የነበረው ፊል ኮንዲት እዚያው ቦይንግ ያደገ መሐንዲስ ነው። ባህል የሚያፈርስ ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም።

ከዚያ 737 ማክስ መጣ። ኤርባስ በአዲሱ ኤ320 ገበያውን ሲይዝበት በጥድፊያ የተጀመረ ነው። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር፣ አውሮፕላኑ ሁለት ሴንሰር እያለው አንዱን ብቻ ነበር የሚያዳምጠው። አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ላይም አልተገለጸም። በ2018 አጋማሽ ከሬንተኑ ፋብሪካ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ኤድ ፒርሰን ሠራተኛው በጥድፊያ ደክሟል፣ ምርቱ ይቁም ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ። አልቆመም።

ጥቅምት 2018 ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው አለቀ። መጋቢት 10 ቀን 2019 ደግሞ የእኛው ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ያን ሰሞን ውጭ አገር ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቻችን የቀሰሩ ነበሩ። በ2020 የአሜሪካ ኮንግረስ ምርመራ ግን የምርት ጫናንና የድብብቆሽ ባህልን አወጣው።

ልብ በሉ፣ ማንም አለቃ «ጥንቃቄ ይቅር» ብሎ ደብዳቤ አልጻፈም። ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው የተለወጠው፤ «ደህና ነው ወይ?» ቀርቶ «መቼ ያልቃል? ስንት ይፈጃል?» ሆነ። ሠራተኛ ደግሞ አለቃው ምን መስማት እንደሚፈልግ ቶሎ ነው የሚገባው።

እናንተስ ቢሮ፣ መጥፎ ወሬ ይዞ የሚገባ ሰው እንዴት ነው የሚወጣው? እስቲ ነገ ጠዋት አስተውሉት።