የመንሸራተት ታሪክ፦ ከመርከብ ፋብሪካ እስከ የአጎቴ ልጅ ጋራዥ

የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ አንዴ ካወቃችሁት አይረሳም። እኔ ያወቅኩት የዛሬ ሦስት ዓመት በሐምሌ ሙቀት፣ ሜሪላንድ ውስጥ 495 አውራ ጎዳና ዳር ቆመን ነው። የአጎቴ ልጅ የ1974 ሼቭሮሌት ኖቫውን ኮፈን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡና መስሏል።

"አንተ ኢንጂነር፣ ምን ነበር ያልከኝ?" አለኝ።

ያልኩትን በደንብ አስታውሳለሁ። "ስቶሉ ከፍ ያለ ቶርክ ኮንቨርተር ግዛ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይፈጥናል" ነበር ያልኩት።

ኖቫዋ ሁለት ኑሮ አላት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ታመላልሰዋለች። በወር አንዴ ቅዳሜ ደግሞ ድራግ ሜዳ ትወጣለች፤ ሩብ ማይል ቀጥ ያለ መንገድ፣ መብራት፣ ከዚያ እግር እስከ ወለል። ሞተሩና አውቶማቲክ ካምቢዮው መሀል ያለው ኮንቨርተር ሁለቱንም ኑሮ መሸከም አለበት። ያን ቀን ማታ የጥፋተኝነት ስሜት እንቅልፍ ስለነሳኝ የዚህን ዕቃ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና አይደለም፣ ከመርከብ ነው። በ1905 ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ሽቴቲን ከተማ ቩልካን በተባለ የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ችግሩ ይህ ነበር፦ የእንፋሎት ተርባይን በጣም ሲፈጥን ነው ደህና የሚሠራው፣ የመርከብ መቅዘፊያ ግን ቀስ ብሎ ሲዞር። ፎቲንገር ሁለቱን በብረት ከማገናኘት ይልቅ በፈሳሽ አገናኛቸው። ሁለት ፋን ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን ብቻ አብሩት፤ ነፋሱ ሌላኛውንም ያዞረዋል። በነፋሱ ፈንታ ፈሳሽ አድርጉና በአንድ ቤት ውስጥ ዝጉት፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ቶርክ ኮንቨርተር መሀል ላይ ስቴተር የሚባል ሦስተኛ ጎማ ይጨምራል። ስቴተሩ የሚመለሰውን ፈሳሽ አቅጣጫ አስይዞ ስለሚልከው፣ መኪና ሲነሳ ቶርኩ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ዋጋው መንሸራተት ነው። ሁለተኛው ፋን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ ልዩነቱም ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

አሜሪካኖች ይህን ወደ ቤት መኪና አመጡት። ኦልድስሞቢል በ1940 ሞዴሉ ሃይድራማቲክን በፈሳሽ መገናኛ ይዞ መጣ፣ ቡይክ ደግሞ በ1948 ዳይናፍሎውን በቶርክ ኮንቨርተር። ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረ። ግን መኪናው ሲነሳ ሰነፍ ነበር፣ ፈጣን መኪና የሚወዱ ሰዎችም ይስቁበት ነበር። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ የአውቶማቲክ ካምቢዮ የፌዝ ስሙ "የቀለጠ በረዶ ሳጥን" ማለት ነው።

ሳቁን ካቆሙት መሀል ራምቻርጀርስ ይገኙበታል። በክራይስለር የሚሠሩ መሐንዲሶች ያቋቋሙት የእሽቅድምድም ቡድን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቶርክፍላይት በተባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ዶጅ እየነዱ በማርሽ የሚነዱትን ያሸንፉ ጀመር። ለውድድር የተሠራ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ጉልበቱ ያለው ከላይ ነው። ኮንቨርተሩ በደንብ እንዲንሸራተት ከተደረገ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ወደ ጉልበቱ ይወጣል፣ መብራቱ ሲበራም ከዚያው ይነሳል። የሰው እግር ፍሪሲዮን ላይ ይሳሳታል፣ ዘይት ግን ሁልጊዜ ያንኑ ይደግማል። እንደ ብክነት ይታይ የነበረው መንሸራተት መሣሪያ ሆነ።

ስቶል የሚባለው ይኸው ነው፦ ፍሬን ይዛችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ሞተሩ የሚደርስበትና የማያልፈው ዙር። ከፍ ማድረግ የፈለጉ ሰዎች በ1970ዎቹ የትንሿን ሼቭሮሌት ቬጋ ኮንቨርተር አውጥተው ከትልቅ ሞተር ኋላ ይገጥሙት ነበር። ከጀርባው ያለው ሒሳብ ይገርማል። ኮንቨርተር በአንድ ዙር የሚሸከመው ቶርክ ከስፋቱ አምስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። 12 ኢንች የነበረውን በዚያው ቅርጽ ወደ 10 ብታወርዱት የሚሸከመው 40 በመቶውን ብቻ ነው። 2,000 የነበረው ስቶል ወደ 3,150 ይዘላል። ለሁለት ኢንች!

የእኔ ስህተት ያለው እዚህ ጋ ነው። ያስገዛሁት ኮንቨርተር ያገለገለ ነበር፤ ላዩ ላይ በቀለም "4,500" ተጽፎበታል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ግን የተለካው 454 ኩቢክ ኢንች በሆነ ትልቅ ሞተር ላይ ነው። ስቶል ከሞተሩ ቶርክ ስኩዌር ሩት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የእኛ 350 ሞተር ቶርክ የዚያን 70 በመቶ ቢሆን፣ ያው ኮንቨርተር እኛ ጋ 3,750 ገደማ ነው። በእኛ ሙያ "እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል" የሚባል ቀልድ አለ። እኔ ቀልዱን በብረት ገዛሁት።

3,750 ራሱ ለኖቫዋ ብዙ ነበር። ሞተሯ ጉልበቱ የሚበረታው 3,200 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከጫፉ አልፈን ነበር የምንነሳው። ከዚያ የባሰው መንገዱ ነው። በኋላ ማርሿ 3.73ና በ26 ኢንች ጎማ፣ በሰዓት 60 ማይል ስትሄድ ሞተሯ 2,900 ገደማ ይዞራል። ይህ ከስቶሉ በታች ነው። ዳገት በመጣ ቁጥር፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይፈላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኛ ያፈሰስነው የካምቢዮ ማደሻ ሆኖ ተከፈለ። ገንዘቡ የአጎቴ ልጅ ለገና አዲስ አበባ ሊሄድበት ያጠራቀመው ነበር። ያን ገና እዚሁ ዋለ። እናቱ በስልክ "ምነው ቀረህ?" ስትለው አጠገቡ ነበርኩ፤ "ሥራ በዛብኝ" አላት።

ሁለተኛው ምርጫ በሌላ መንገድ ሆነ። ስለ ኮንቨርተሩ ከመጠየቃችን በፊት ስለ መኪናዋ ጻፍን፦ ክብደቷን፣ የሞተሩን ቶርክ በየዙሩ፣ ካምሻፍቱን፣ የኋላ ማርሹን፣ የጎማውን ቁመት፣ በሳምንት ስንት ማይል አስፋልት እንደምትሄድና ስንት ጊዜ ሜዳ እንደምትወጣ። ወረቀቱን ለሚሠራው ባለሙያ ሰጠነው። የመለሰልን 10 ኢንች ኮንቨርተር ነው፤ በእኛ ሞተር 2,800። የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣም ራዲያተሩ ፊት ገጠምን። በሚቀጥለው ወር ሜዳ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ፈጥና ደረሰች፣ በዚያው ዘይት ወደ ቤት ተመለሰች።

አሮጌው ኮንቨርተር አሁንም ጋራዡ ጥግ አለ። የአጎቴ ልጅ "4,500" የሚለውን ሳይፋቅ፣ ከሥሩ በማርከር ጨመረበት፦ "በማን ሞተር?"