ፋፋና የወለጋ ቅቤ

ዱቄትን አስቀድሞ መጥኖ ማዘጋጀት ከባሕር ማዶ የመጣ ዘዴ ነው የሚሉ አሉ። ይኹን እንጂ ምጥን የሚለው ቃል የካርቶን ዱቄት ወደ አገራችን ሳይገባ በባልትና ቤት የታወቀ ነው። በአሜሪካ የፒትስበርጉ የዳፍ ኩባንያ ውኃ ብቻ የሚጨመርበት የኬክ ዱቄት ካወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ባገኘው ኹለተኛ የፈጠራ መብት፣ የቤት እመቤቶች ትኩስ ዕንቁላል ራሳቸው መጨመር ይወዳሉ በማለት ዕንቁላሉን ለእነርሱ ተወላቸው።

በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1962 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል አቋቋመ። ከዚሁ ሥራ የተገኘው ዱቄት ፋፋ ተባለ፤ ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨውና ቪታሚን ይዟል። በስንዴ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬው ያሟላል። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ከገባ ወዲህ የስዊድን ስም በወለጋ እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን ፋፋ የመንግሥት እንጂ የሚስዮን ሥራ አለመኾኑን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በነቀምቴና በአካባቢው መርቃ፣ ማለት ገንፎ፣ ያለ ቅቤ ቢቀርብ እንግዳን እንደ መናቅ ይቈጠራል። እናቶችም ለፋፋ ይህንኑ ልማድ አልነፈጉትም። ዱቄቱ እንዳይጓጕል በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ በፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ከእሳት ሲወርድም አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ለጣዕም ብቻ የሚደረግ ይመስል ነበር።

በዚያ ዘመን የምግብ ሊቃውንት ዋናው ችግር የፕሮቲን ማነስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ማክላረን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ይህን እምነት አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያም ወዲህ የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ኾነ፣ ቀጭን አጥሚት ቢሞላበትም ኃይል እንደሚጐድለው እየታወቀ መጣ። ቅቤ ግን ሳህኑን ሳያበዛ ኃይልን ያበዛል። ስለዚህ ፋብሪካው ከወተቱ ያወጣውን ቅባት የወለጋ ማድቤት መልሶ አስገባው ማለት ይቻላል፤ በእኔ አስተያየት ይህ በአጋጣሚ የተገኘ እንጂ ታስቦ የተደረገ እርማት አይደለም። ላም በሌለበት ቤት ግን የፋፋው ከረጢት እስከ ወር መጨረሻ እንዲደርስ የሚጨመረው ውኃ ነው።